የክብርት የሻረግ የእልልታ አድማ

ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ ባየ ቁጥር ሊቀመንበርነቱን የሚረከብ ሰው የሌለበት ከተማ በአገራችን የለም። ካለም ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ውሃ ከማስመጣቱ በፊት ሰብሳቢና ጸሐፊ ያስመርጣል። ታዲያ ቤቱ አይቃጠልም፤ እሳቱ ራሱ ስብሰባው ሰልችቶት ይጠፋል።

በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው በሽንፋ ከተማ ይህን ከባድ ኃላፊነት ማንም ሳይመርጣቸው የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ የሻረግ ናቸው፦ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢ፣ የቦኖ ውሃ ወረፋ የበላይ ጠባቂ፣ የጠፋችው ፍየል አፈላላጊ ጊዜያዊ ኮሚቴ የዘለዓለም ሊቀመንበር። ፍየሏ ተገኝታ፣ ታርዳ፣ ተበልታ አልቃለች፤ ኮሚቴው ግን አልፈረሰም። አንድ ጊዜ ወደ ሸሕዲ ሲሄዱ የሚኒባሱ ሾፌር ዘፈን ከፍ አድርጎ ቢለቅባቸው፣ ተሳፋሪውን ወንበሩ ላይ እንዳለ ሰብስበው የጩኸት ጉዳይ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጸሐፊ አድርገው የሾሙት ሾፌሩን ራሱን ነበር። ዛሬም ሲያያቸው መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚላቸው።

አንቱታውን እዚህ ላይ እናስቀምጠውና ከዚህ በኋላ በመጂዳ ዓይን እንያት። መጂዳ የሻረግን «አንች» እንጂ «እርስዎ» ብላት አታውቅም።

መጂዳ ባለሱቅ ናት። ስኳር፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይና የሱዳን ሽቶ ትሸጣለች፤ ለሚጠማው ደግሞ ቀዝቃዛ ከርከዴ አላት። ከሱቋ በር ላይ የቆርቆሮ ጥላ አለ፤ ከጥላው ሥር አንድ እግሩ የሚወላገድ አጭር አግዳሚ። በቆላ ፀሐይ ጥላና መቀመጫ ባንድ ቦታ ከተገኘ ሰው መሰብሰቡ አይቀርም፤ ሰው ከተሰበሰበ ደግሞ የሻረግ መምጣቷ አይቀርም። «ወላሂ ይችን አግዳሚ ነገ ፈልጬ ነው የማነዳት!» ትላለች መጂዳ። ይህን ስትል ስንት ክረምት አለፈ፤ አግዳሚው አለ።

የሻረግ እንደ ደረሰች መቀነቷን ጠበቅ፣ ጉሮሮዋን ጠረግ ታደርጋለች። «አጀንዳ አለኝ!» ትላለች። አጀንዳውን ታቀርባለች፣ ራሷ ትቃወመዋለች፣ ራሷ ለተቃውሞው መልስ ትሰጣለች። ከዚያ «የደገፋችሁ እጅ አውጡ!» ይመጣል። በጣቷ እየጠቆመች ትቆጥርና «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ!» ብላ ትዘጋለች።

ውሸቷን ነው። መጂዳ አንድም ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም። «ነጋዴ እጅ አያወጣም» ነው ቃሏ፤ «እጁን ያወጣ ዕለት ግማሹን ደንበኛ ያጣል።» የሻረግ ግን በዚህ ተከፍታ አታውቅም። «እጅሽ ባይወጣም ልብሽ ወጥቷል» ትላትና ከቆጠራው ትጨምራታለች። መጂዳን እንደዚህ የሚያናድዳት ነገር የለም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሳቅ ነው። ዘንድሮ ግን የሻረግ ቤት የገባው ነገር የሚያስቅ አልነበረም።

ነገሩ ከወሰን ተነሣ። የባሏ የደረበ የሰሊጥ ማሳና የወንድሟ የባየልኝ ማሳ ድንበርተኛ ናቸው። በክረምቱ መግቢያ የኪራይ ትራክተር ሲያርስ፣ ሲዞር የወሰኑን ድንጋይ ገፍቶት ሄደ። ትራክተሩ ሄደ፤ ጠቡ ቀረ። ስድብ ስድብን ወለደና የደረበ ታናሽ ወንድም ተኮሰ፤ ጥይቱ የባየልኝን ጭን ሰበረው። ባየልኝ ከሞት ተርፎ በምርኩዝ መሄድ ጀመረ፤ ተኳሹ በረሃ ገብቶ ጠፋ። ተኳሽ ሲጠፋ የሚፈለገው የቅርብ ዘመዱ ነው። ከዘመዶቹ ለመሣሪያ የደረሰው ጎረምሳ ደግሞ ዘሩ ነው፣ የደረበና የየሻረግ ልጅ። ፈላጊውም አዛናው ነው፣ የባየልኝ ልጅ፣ የገዛ ወንድሟ ልጅ።

እናቱ ወልዳው በታመመች ጊዜ አዛናውን አቅፋ ያጠባችው የሻረግ ናት። በቀኝ ዘሩ፣ በግራ አዛናው። አሁን አንዱ ክላሽ ገዛ፤ ሌላውም ገዛ። የሽንፋ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ «ሰሊጡ እስኪገባ ነው።» ማንም ሰሊጡን ማሳ ላይ ጥሎ አይጋደልም። ሰሊጥ ጊዜው ካለፈ ይረግፋል፤ ቂም ግን አይረግፍም።

የሻረግ የአገር ሽማግሌዎችን ላከች፤ ወንዶቹ «ከአዝመራ በኋላ» ብለው መለሱት። ደረበን ለመነች፤ ወንድሟን ለመነች። ያቺ በፍየል ጉዳይ እንኳ ከተማ የምትሰበስብ ሴት፣ ከሱቁ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ከርከዴዋን ሳትጠጣው ሲሞቅባት መጂዳ አየች። አጀንዳም አላቀረበችም። መጂዳ የሞቀውን ደፍታ ቀዝቃዛ ቀዳችላት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ጉዱን ያመጣው መምህር ካሌብ ነው። ካሌብ የታሪክ አስተማሪ ነው፤ የየሻረግ ግቢ ተከራይ፣ የመጂዳ ከርከዴ ደንበኛ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ከጥላው ሥር እንደተቀመጡ ነገር ነገርን ሲያነሣው ስለ ጥንት ግሪኮች ያወራ ጀመር።

«ከክርስቶስ ልደት በፊት ግሪኮች ከተማ ከከተማ ሲዋጉ ብዙ ዓመት ሆናቸው» አለ። «ያኔ አንድ ቀልደኛ ሰው የሚያስቅ ተውኔት ጻፈ። በተውኔቱ የሁለቱም ወገን ሴቶች ተደብቀው ይሰበሰባሉ።»

«ይሰበሰባሉ?» የየሻረግ ዓይን በራ።

«ይሰበሰባሉ። አንዲት ብልህ ሴት ትመራቸዋለች።»

«አጀንዳውሳ?»

ካሌብ ላጤ ነው፤ ጆሮው ቀላ። «አጀንዳው እንግዲህ... ወንዶቹ እርቅ እስኪያወርዱ ድረስ ሚስቶቹ... ማለት ከአልጋው...»

«ከለከሏቸው!» አለች የሻረግ፣ ብድግ ብላ። አግዳሚው ቀለል ሲለው ዳር የተቀመጡት እመት ሰርካለም ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ።

እመት ሰርካለም የሰፈሩ አንጋፋ ናቸው። «ግሪክ ማለት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሱቅ የነበራቸው ነጮች፣ ኸዋጆቹ ናቸው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እነሱው ናቸው» አለች መጂዳ። «አያቴ ከአንዱ ጨርቅ ይገዛ ነበር። ሚስትየዋ ካልፈቀደች ባልየው መቀሱን አያነሣም ይል ነበር።»

«በይ አየሽ!» አለች የሻረግ። «ታዲያ ጦርነቱ ቆመ?»

ካሌብ ሐቀኛ ልጅ ነው። «በተውኔቱ ቆመ። በእውኑ ግን ቀጠለ። ቀልድ ነው እኮ እትየ።»

«ቀልድ ከሆነ ሁለት ሺህ ዓመት ምን አኖረው? እኛ ዘንድ ቀልድ ለነገ አያድርም!»

«እሱስ እውነት ነው። በኛ ዘመን እንኳ ጦርነት ሊነሣ ሲል በብዙ አገር ሰዎች በአንድ ቀን ይህንኑ ተውኔት እያነበቡ ተቃውመዋል።»

«ለሽንፋ ሳይነገራት?» የሻረግ ተቆጣች። የምር ተቆጣች። በዓለም ላይ ያን የሚያህል ስብሰባ ተደርጎ እሷ አለመጠራቷ የእግር እሳት ሆነባት። በማግስቱ ጥላው ሥር ሰው ከአግዳሚው አልፎ ደረጃው ላይ፣ ከደረጃው አልፎ የስኳር ጆንያው ላይ ተቀምጦ ነበር። የደረበ ወገን ሴቶች በቀኝ፣ የባየልኝ ወገን በግራ፣ የመስጊድ ሰፈር ሴቶች መሐል። «ያች ግሪኳ፣ ነፍሷን ይማርና» ብላ ጀመረች የሻረግ፣ የአክስቷን ልጅ እንደምታስታውስ ሆና። አጀንዳው ቀረበ። እጅ ወጣ። መጂዳ ከመደርደሪያው ኋላ ሳሙና ስትደረድር ነበር፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው። አድማው የተጀመረው ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ነው። በሰሊጥ አጨዳ የቆላ ወንድ ቤቱ አያድርም፤ ማሳው ዳር ከሠራተኞቹ ጋር ጎጆ ቀልሶ ይከርማል። ባል የሌለበት አልጋ ተከለከለ። የሰሊጥ ነጋዴዎቹም ቢሆኑ በዚያ ሰሞን ሚስት እንዳላቸው አያስታውሱም። ብቅ ብለው የተከለከሉት ጥቂቶች ደግሞ ወሩ የጽጌ ጾም ስለሆነ ሚስቶቻቸው ጾም የያዙ መሰላቸው። ከነዚያ አንዱ ደስ ብሎት ለነፍስ አባቱ ነገረ። ቄሱ በእሑድ ቅዳሴ ላይ «የሽንፋ ሴቶች ዘንድሮ ጽጌን የጠበቁበት ጥንካሬ ለአገር ምሳሌ ነው» ብለው አመሰገኑ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

የሊቀመንበሯ የራሷ አድማ ከሁሉም ባሰ። ደረበ አንድ አመሻሽ ከፀጉሩ እስከ ጫማው የሰሊጥ ትቢያ ለብሶ መጣ። ራቱን በላና ጫማውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ። መከልከሉን ሳታስታውቀው! የሻረግ ነቀነቀችው።

«አንተ ደረበ! ተነሥ! ከልክየሃለሁ!»

«ምኑን?»

«አልጋየን ነዋ!»

ደረበ የተኛበትን መደብ ዳሰሰ። «እኔ እዚሁ ተመችቶኛል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይህን ለመጂዳ የነገረቻት ራሷ ናት። መጂዳ የስኳር መስፈሪያው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። የሻረግም ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና ዓይኗን በነጠላዋ ያዘች። «አዝመራው እያለቀ ነው መጂዳ» አለች።

እውነትም እያለቀ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎረቤት ሰሊጡን በመኪና ጭኖ ሲልክ ለደስታው ሰው ጠራ። ሁለቱም ወገን መጣ፤ በጎረቤት ድግስ አይተኳኮስም። ጠላው ሲዞር አዛናው ተነሣ። ክላሹን ወደ ላይ አነሣና ወገቡን ይዞ ተንጎራደደ።

«ዘራፍ! የባየልኝ ልጅ፣ የቆላ ነበልባል፣
ያባቴን ጭን ያለ ደረቱን ይሰጣል!»

የሴቶቹ እልልታ ቤቱን ነቀነቀው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ እልልታ አለ፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ፣ ሽንፋ ሠርጉንም ጥምቀቱንም የሚያውቅበት። መጂዳ ዞር ብላ አየች። የሻረግ ናት! ልጇን እገድላለሁ ለሚለው ልጅ እልል የምትለው የሻረግ ናት! አዛናው እልልታውን ሲሰማ ደረቱ አንድ ጋት ሰፋ፤ ትከሻው ተነሣ፤ ግጥሙን ደገመው። መጂዳና የሻረግ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። የየሻረግ መዳፍ ቀስ ብሎ ወጥቶ የራሷን አፍ ዘጋው።

በማግስቱ መጂዳ የሱቋን ቁልፍ ገና ስታዞር ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች።

«መጂዳ! አጀንዳ አለኝ!»

«ሱቄን ልክፈት እንጅ!»

«ልጄን እገድላለሁ ላለው እልል አልሁለት! በገዛ ጉሮሮየ!»

«ሰማሁሽ። ያልሰማሽ የለም።»

«ምን ላድርግ፣ ሲፎከር እልል ማለት ለምዶብኝ ወጣ! ግን ስሚኝማ።» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ ቦግ ብሏል። «እነዚያ ግሪኮች ባሎቻቸው ቤት ነበሩ። የኛዎቹ ማሳ ናቸው፤ አልጋ ቢከለከሉ አያውቁትም። እስቲ ንገሪኝ፣ ሴት እልል ሳትልለት የፎከረ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

መጂዳ አሰበች። ከድንበር ሱቅ ላይ ተቀምጣ ያላየችው ጉድ የለም። ደመወዝ ያልተከፈለው ሠራተኛ አይታለች፣ ጫማ የሌለው ሚሊሻ አይታለች፣ ጨው የሌለው ወጥ የበላ ሹም አይታለች። እልልታ የሌለው ፉከራ ግን አላየችም።

«ወላሂ አላየሁም» አለች።

«ተማም! ይኸው ነው!» አለች የሻረግ፣ የመጂዳን የዓረብኛ ቃል ነጥቃ፣ እጇንም እያጨበጨበች።

የዚያን ዕለቱ ስብሰባ እንደ ወትሮው አልነበረም። የባየልኝ ወገን የሆነች አንዲት ሴት ተነሥታ «ወንድሜ ሲፎክር ዝም ካልሁት ሙቷል ይሉታል፤ ይዋረድብኛል» አለች። ሌላዋ «እኛ ዝም ብንል የነሱ ሴቶች እልል ቢሉሳ?» አለች። ንግግሩ ወደ ጩኸት ሲሄድ ከሱቁ ውስጥ ሳሚያ ወጣች። ሳሚያ የመጂዳ ታናሽ እኅት ናት። ካርቱም አግብታ ትኖር ነበር፤ ማዶ ጦርነቱ ሲነሣ አንድ ቦርሳ ይዛ መጣች። ከመጣች ወዲህ ብዙ አታወራም።

«እኛ ሰፈር ልጆቹ መሣሪያ ይዘው መኪና ላይ ሲወጡ እኔም እልል ብየላቸዋለሁ» አለች። «ከልቤ ነው ያልሁት። አንዳቸውም አልተመለሱ። ቤታቸውም የለ። ቁሜ እልል ያልሁበት በረንዳም የለ።» ከዚያ የሱዳን መጠቅለያዋን፣ ቶቧን፣ ወደ ትከሻዋ መልሳ ገባች።

የሻረግ ጉሮሮዋን አልጠረገችም። በለሆሳስ «የደገፋችሁ እጅ አውጡ» አለች። የቀኙም የግራውም እጅ ወጣ። የመጂዳ እጅ ከጉልበቷ ላይ ትንሽ ተነሣ። የደረበም ቤት የባየልኝም ቤት ስኳሩን ከሷ ነው የሚገዛው። እጇ ተመልሶ ጉልበቷ ላይ ዐረፈ። ውሳኔው ማሻሻያ ተጨምሮበት ጸደቀ፦ ለታቦትና ለአራስ እልልታ ይፈቀዳል፤ መሣሪያ ለያዘ ወንድ ግን ክልክል ነው።

ሰሊጡ ገባ። የኅዳር ሚካኤል ደረሰ።

ታቦቱ ሲወጣ የሽንፋ ሴቶች እልልታ ሰማዩን ቀደደው። የታፈነው ሁሉ ያኔ ወጣ መሰል፣ ካህናቱ ራሳቸው ዞር ዞር እያሉ አዩ። ታቦቱ ገባ። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ዛፍ ዛፉን ይዞ ተቀመጠ። መጂዳና ሳሚያም እንደ ጎረቤት ወግ ተምር በትሪ ይዘው መጥተው ከሴቶቹ ጋር ነበሩ። ወንዶቹ ከአዝመራ ወጥተው፣ ጸጉራቸውን ተቆርጠው፣ ክላሻቸውን ወልውለው ነበር። ሁሉም የሚጠብቀውን ያውቃል።

አዛናው ተነሣ።

«ዘራፍ!» አለ።

ጸጥ።

አዛናው ያልሰሙት መሰለው። ሁለት እርምጃ ወደ ሴቶቹ ቀረበ። «ዘራፍ! የባየልኝ ልጅ፣ የቆላ ነበልባል!» እዚህ ላይ እልልታው መግባት አለበት። አልገባም። አንዲቷ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ጭረት ትለቅማለች። አንዲቷ ሰማዩን ታያለች፤ በኅዳር ደመና የለም፤ እሷ ግን አትኩራ ታያለች። መጂዳ ተምሯን ቆጥራ ለመጨረስ ቆርጣ ተነሣች። አዛናው ሁለተኛውን ስንኝ ጀመረ፤ መሐል ላይ ጠፋበት። አጨብጫቢ እንደሌለው ዘፋኝ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ።

ያኔ ዘሩ ከወዲያ ማዶ ብድግ አለ። «ዘራፍ!» አለ እሱም፣ ክላሹን አንሥቶ። ከደረበ ወገን ሴቶችም እልልታ የለም። ዘሩ እናቱን አያት። የሻረግ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንደ ድንጋይ ተቀምጣለች። ሁለት ጎረምሶች ክላሻቸውን ሰማይ ላይ አንጠልጥለው ሜዳው መሐል ቀሩ። ክንዳቸው እየዛለ ነው፤ ማውረድም ነውር ሆነባቸው።

እመት ሰርካለም ዝምታው አላስቻላቸውም። «ልጆቼ» አሉ ጮክ ብለው፣ «አሟችኋል?»

የመጀመሪያውን ሳቅ የሳቀው ባየልኝ ነው። ጭኑ የተሰበረው፣ የጠቡ ባለቤት ባየልኝ! ሊይዘው ሞከረ፤ በአፍንጫው አመለጠው። ምርኩዙን ተደግፎ፣ የተሰበረ ጭኑን በእጁ ይዞ ሳቀ። ከዚያ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ደረበ ሳቀ። ደብተራዎቹ ሳቁ። ካሌብ ከዛፉ ሥር ሁኖ እየሳቀ ዓይኑን ይጠርጋል።

አዛናው ግን አልሳቀም። ፊቱ ደም መሰለ። ክላሹ ከሰማይ ወረደና ወደ ዘሩ ዞረ፤ ጥይት ሲያቀባብል ተሰማ። ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ቆመ። የዘሩም ክላሽ ወርዶ ወደ አዛናው ዞረ። መጂዳ ትሪው ከእጇ ወድቆ ተምሩ አሸዋው ላይ ሲበተን አላወቀችም።

የሻረግ ሜዳው መሐል ቁማ ነበር። እንዴት እንደደረሰች ያየ የለም። በሁለቱ አፈሙዝ መካከል ቆማ መቀነቷን ጠበቅ፣ ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች።

«አጀንዳ አለኝ» አለች።

ማንም አልሳቀም።

«ሁለቱንም ያጠባሁ እኔ ነኝ። ዛሬ አንዱን ልቀብር ነው፤ የትኛውን እንደምቀብር ግን እኔ ልመርጥ አልችልም። ስለዚህ እናንተ ምረጡልኝ።» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ዘሩ ይሙት የምትሉ እጅ አውጡ።»

ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ጉያው ውስጥ ከተተ። የባየልኝ ወገን መሬት መሬት አየ።

«አዛናው ይሙት የምትሉ እጅ አውጡ።»

የደረበም ወገን እጁን ከኋላው ደበቀ። የሻረግ እንደ ልማዷ በጣቷ እየጠቆመች ከዳር እስከ ዳር ቆጠረች። ወንዶቹን ቆጠረች፣ ሽማግሌዎቹን ቆጠረች፣ ባሏን ቆጠረች፣ ወንድሟን ቆጠረች። ሳትቸኩል ቆጠረች። መጂዳ ሁለት እጆቿን አንድ ላይ ጨብጣ አላህን ትለምናለች።

«አልጸደቀም» አለች የሻረግ።

በዕድሜዋ ያቀረበችው አጀንዳ ሲወድቅ ያ የመጀመሪያው ነው። አዛናው አፈሙዙን መሬት ላይ ተከለው። ከዚያ ተቀመጠ፤ ያን የሚያህል ጎረምሳ እንደ ሕፃን ሜዳው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን ጉልበቱ ውስጥ ቀበረ። ዘሩም ክላሹን ለአባቱ ሰጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ባየልኝ ምርኩዙን አነሣና «ሽማግሌ ይቀመጥ» አለ። «ከአዝመራ በኋላ ብለን ነበር፤ አዝመራው ገብቷል።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ወሰኑ ተለካ፤ ድንጋዩ ከቀድሞ ቦታው ላይ ተተከለ፤ የሸሸው ተኳሽም ተጠርቶ ካሣ እንዲከፍል ተስማሙ፤ መሐላ ተማማሉ። በእርቁ ማዕድ ላይ አንደኛው ሽማግሌ ተነሥተው ሽማግሌዎች በብልሃታቸው ይህን ክፉ ቀን እንዴት እንዳሳለፉት ሰፋ አድርገው ተናገሩ። ሴቶቹ ወጥ እየጨመሩ ሰሙ። መጂዳ የየሻረግን ፊት አየች፤ ቅር ያላት አይመስልም።

ሽማግሌው ንግግራቸውን ጨረሱና እልልታ ጠበቁ። የለም።

«እንዴ፣ እልልታውሳ?»

«አድማው አልተነሣማ» አሉ እመት ሰርካለም። «ክብርት ሊቀመንበር ያንሡት።»

የሻረግ ተነሣች። መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። «እንግዲህ፣ የእልልታው አድማ ይነሣ የምትሉ...» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። እንደገና ሞከረች። ዘሩና አዛናው ከአንድ ሳህን ሲጎርሱ ዓይኗ ላይ ገባ፤ ያን ጊዜ እንባው ዝም ብሎ ወረደ። «እጅ» የሚለው ቃል አልወጣላትም። ሕዝቡ አጀንዳው ማለቅ አለማለቁን አላወቀም።

ያኔ አንድ እጅ ወጣ። የወርቅ አምባር ያሰረ፣ ስኳርና ሳሙና ሲመዝን የኖረ፣ አንድም ቀን ወጥቶ የማያውቅ እጅ። መጂዳ ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ ገትራ ዘርግታ፣ በደረበም ወገን በባየልኝም ወገን ፊት ቁማለች። ደንበኛ ይሂድ ከፈለገ! የሻረግን እንደምትወዳት የዚያን ዕለት ለራሷም ገባት። ከሷ ቀጥሎ የሳሚያ እጅ ወጣ፤ ከዚያ የሁሉም።

የሻረግ እንባዋን ጠረገችና መቁጠር ጀመረች። መጂዳ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ ቁጥሩ ጠፋባት፤ እንደገና ከዳር ጀመረች።

«በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቷን ነበር።

እልልታውን አስጀማሪዋ መጂዳ ናት፤ ድምፅ የላትም፣ ጉሮሮዋ የእንጨት በር ነው፣ ግን ማን ሰምቶ!

በማግስቱ ጠዋት የሱቁ አሮጌ አግዳሚ የለም። መጂዳ የማለችውን ፈጸመች፣ ፈልጣ አነደደችው ተባለ። ረፋድ ላይ ግን ዘሩና አዛናው ከአናጢው ቤት አዲስ አግዳሚ፣ የድሮውን ሁለት እጥፍ የሚረዝም፣ ጫፍና ጫፉን ተሸክመው መጡ። ከበሩ ላይ ሲደርሱ «ባንተ በኩል አዙረው»፣ «የለም ባንተ በኩል» እያሉ ይጨቃጨቁ ጀመር። መጂዳ «ለደንበኛ ነው ያሠራሁት፣ ለስብሰባ አይደለም» ስትል ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ትናገራለች። ክብርት የሻረግ ከመንገዱ ማዶ ሁለቱ ልጆቿ አንድ እንጨት ይዘው ሲከራከሩ ለረዥም ጊዜ ቆማ አየች። ከዚያ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ተሻገረች።